አጥንት በዜማ

ወንድሜ አብሾ የጠጣው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ እያወራ አንጀቴን ሲያቃጥለው ኖሯል። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ በትምህርትም ቢሆን ከእኔ አያንስም ነበር። ጭንቀታም ነበር እንጂ ሰነፍስ አልነበረም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን ለክረምቱ ጋይንት፣ የዜማ ትምህርት አገር ቤተ ልሔም፣ አባታችን ቤት ገባን። መስቀል ሲያልፍ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ጎንደር ይሰጣል፤ ያለፈ አዲስ አበባ ይገባል። እናታችን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ደብረ ታቦር ስትወሰድ ጉና ላይ ነው ያረፈችው። ከዚያ ወዲህ አባባ ከሁለታችን አንዳችን ሐኪም ሆነን ሳያዩ እንዳይሞቱ እግዜርን ይለምኑ ነበር። ያኔ ወንድሜ ቃሬዛውን ተከትሎ ሄዷል፤ እኔ ቤት ቀርቻለሁ። ለእሱ ፈተናው ፈተና ብቻ አልነበረም።

እንዴት እናጥና በሚለው ተጣላን። ህንዳዊው የባዮሎጂ አስተማሪያችን "መጽሐፉን ዝጉና ሳሉት፤ መሳል ካቃታችሁ አልገባችሁም" ይለን ነበር። እኔ እንዳለው አደረግሁ። ከምድጃ ከሰል እያነሳሁ ግድግዳውን በልብና በኩላሊት ሞላሁት። አባባ "ቤቴን የቅርጫ ሜዳ አደረግኸው እኮ!" እያሉ ይስቃሉ። ወንድሜ ግን ፊደል ያስቆጠሩን የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ ነው፤ በቃሉ ካልወጣው ያወቀው አይመስለውም። የአጥንቶቹን ስም በዜማ አደረገው። ፊሙር፣ ቲቢያ፣ ፊቡላ እያለ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲመላለስ የቆሎ ተማሪዎቹ አብረው ይቀበሉት ነበር።

"ጠዋት የያዝሁት ማታ ይጠፋብኛል" አለኝ አንድ ቀን። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። "የኔታን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።"

ምን እሺ እንዳሉት አልጠየቅሁም፤ ቤተ ልሔም ያደገ ሰው አይጠይቅም። አብሾ ነው። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ለቅኔና ለዜማ ተማሪ የሚሰጥ መጠጥ ነው። የጠጣ ሰው የሰማውን አይረሳም ይባላል፤ አለዚያ ያብዳል።

"አንተ! ምን ነካህ?" አልሁት።

"አንተ ግድግዳህን ሳል" አለኝ ፈገግ ብሎ።

የኔታ ጎጆ ውስጥ ከፀሐይ ተሸሽጎ ሰነበተ። አባባን "ዜማ ሊያጸና ገባ" አልናቸው። ሲወጣ ከስቷል፤ ግን እውነቱን ልናገርና አስቀናኝ። አንድ ገጽ አንድ ጊዜ ሳነብለት ቃል ሳያጎድል ይመልስልኛል። የኔታ ሲያሰናብቱት እኔም ቆሜ ነበር። "አረቄ በአፍህ እንዳይዞር ልጄ፤ የሰከነው ይነሳብሃል" አሉት።

የምንሄድበት ጠዋት ብርድ ነበር። በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። አባባ የአረቄ ጠርሙስና መለኪያ ይዘው ከቤት ወጡ።

"የጉና ብርድ አይቻልም፤ በሉ እስቲ ቅመሱ።"

እኔ ጠጣሁ። "አባባ፣ እሱን ይተዉት፤ ሆዱን አሞታል" አልኋቸው።

"ገና ሳትፈተን ሐኪም ሆንህ?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "በሞቴ!"

በሞቴ ያለ አባት፣ ያውም ሚስቱን በዚያው መንገድ ላይ ያጣ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ወንድሜ ዝም በል በሚል ዓይን አየኝ። መለኪያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጨለጠው። አባባ መረቁት፤ ረጅም ምርቃት ነበር።

ጉናን ወጣን። እናታችን ካረፈችበት ቦታ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ያዜም ጀመር። እየጎተትሁ አስነሳሁት። ጎንደር ስንገባ ዜማውን ስለተወ የተሻለው መስሎኝ ነበር። ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ግን ወረቀት እንደታደለ ብድግ አለ። ፊሙር፣ ቲቢያ፣ ፊቡላ፤ በዜማ፣ በሙሉ ድምፁ። ተፈታኞቹ ሳቁ። ይዘው ካስወጡት በኋላ እንኳ ድምፁ ከውጭ ይሰማኝ ነበር። እኔ እጽፍ ነበር።

አለፍሁ። ሐኪምም ሆንሁ። አባባ እስኪሞቱ ድረስ "ልጄን የሰው ዓይን በላብኝ" ሲሉ ኖሩ። እውነቱን አልነገርኋቸውም፤ ምን ልበላቸው? በእጅዎ ልበላቸው? እንኳን አልነገርኋቸው። እኔን የሚያባንነኝ ሌላ ነው። የተሰበረ እግር ስዳስስ ያ ዜማ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ይመጣብኛል፤ እጄም ባለበት ይቆማል። በሽተኛው "ምነው ዶክተር?" ይለኛል። ምንም አይደለም እለዋለሁ።

ተመርቄ ቤተ ልሔም የሄድሁ ጊዜ ወንድሜን እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጢሙ ደረቱን ሸፍኗል። ገና ሲያየኝ አወቀኝ።

"ፈተናው መቼ ነው?" አለኝ።

"ነገ ነው" አልሁት።

"እንግዲያው ጠይቀኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥሁና ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ጠየቅሁት። አንድም አልሳተም።