እስከ ትከሻ

ወደ ቶጎጫሌ ስመላለስ፣ ከደረቁ ወንዝ ድልድይ ሥር ሁልጊዜ አንድ አዛውንት አያለሁ። የሸሚዛቸው ግራ እጅጌ ደህና ነው፤ ቀኙን ግን አሸዋ እስከ ትከሻቸው በልቶታል።

ትናንት የሚኒባሳችን ጎማ እስኪቀየር ወረድኩ። እሳቸው በደረታቸው ተኝተው፣ ጎርፍ ከምሰሶው መሠረት ሥር የቦረቦረውን ጉድጓድ በክንዳቸው ይለካሉ። አጠገባቸው የድንጋይ ክምር አለ።

«አምና እስከ ክርኔ ነበር» አሉኝ። «ልጄን ከነአይሱዙው ጎርፍ የወሰደው እዚህ ነው። ድልድዩ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ እንዳይወድቅ በድንጋይ እሞላዋለሁ።»

«አልሞላ አለ እንዴ፣ አባባ?»

«ይሞላል። በማግስቱ ስመጣ ግን ድንጋዩን ውጭ ተደርድሮ አገኘዋለሁ።»

ዝናብ ከጣለ ሰባት ወር አልፎታል።

ክንዳቸውን እንደገና እስከ ትከሻቸው ከተቱ። ፊታቸው ፈካ። አፋቸውን ወደ ጉድጓዱ አስጠግተው፣ ቀስ ብለው «ወዓለይኩም ሰላም» አሉ።