አባት ያልፈረመበት መሸኛ

«አባትሽ ሳይፈርሙ አንቺን ማን ብዬ ልሸኝሽ?» አሉኝ የቢቸናው ቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ፣ ፊት ለፊቴ፣ እስክሪብቷቸውን እንኳ ሳያነሡ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሞጣ፣ በአንዲት ሙስሊም ነጋዴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፤ ግን «መታወቂያ ለሌላት ልጅ ሱቄን ጥዬ አልወጣም፤ እስከ ሰኞ አምጪ» ብለውኛል። የሞጣ ቀበሌ ደግሞ ከቢቸና መልቀቄን የሚገልጽ መሸኛ ካላመጣሁ መታወቂያ አይሰጠኝም። የቢቸናው የቤተሰብ ቅጽ የተሞላው በአባቴ ስም ነው፤ እኔ ከወንድሞቼ በታች አራተኛዋ መስመር ነኝ። አባቴ የመረጠልኝን ሰው አላገባም ካልኩት ወዲህ እንኳን ሊፈርምልኝ ሰላምታዬንም አይመልስ።

ይሄን እንኳ በቻልኩት። ያቃጠለኝ የሥራ አስኪያጁ ነገር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው! ፈተና ላይ «የሰብዓዊ መብት ምንጩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «መንግሥት» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ሰረዙት፤ አስነሥተውም «መንግሥት የሰጠሽ ከሆነማ ሲከፋው ይነጥቅሻል! ሰው ሆነሽ በመወለድሽ ያንቺ ነው። ሕጉ ያውቅልሻል እንጂ አይሰጥሽም» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀብኝ። እኔ ሞኟ አመንኳቸው።

«መምህር፣ ሕገ መንግሥቱ ሰው በመረጠበት ቦታ ይኖራል አይልም?»

«ይላል።»

«ለአባቶች ብቻ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ዛሬም አልተገራም። ያ ትምህርት ነው፤ ይሄ ቢሮ ነው። አሠራር አለው።»

«አሠራሩ የተጻፈበትን ያሳዩኛ!»

መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ምንም አላወጡም።

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ እናት «ኧረ የኔ ልጅ፣ አባትሽን ይቅርታ በይና አስፈርሚ፤ እኛንም አሳልፊን። በሬዬን ገበያ ላይ ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁ» አሉ።

«እንግዲያው የዚያን ፈተና ማርኬን ይመልሱልኝ» አልኳቸው መምህሬን። «ልክ ነበርኩ።»

ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። ስልካቸውን አወጡና አባቴ ጋ ደወሉ፤ ውለታ የዋሉልኝ መስሏቸው እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ልጅዎ እዚህ ናት። ለፊርማው እንኳ አይድከሙ፤ ትሂድ ካሉኝ አሁኑኑ እጽፍላታለሁ።»

በስልክ አንዲት ቃል ከበቃች፣ ፊርማ ፊርማ ሲሉኝ የዋሉት የምን ሕግ ነበር?

አባቴ «መጀመሪያ ቤቷ ትግባ» አለና ዘጋው።

«ሰማሽ» አሉኝ። «ሂጂ፣ እግራቸው ላይ ውደቂ። ዛሬ ከታረቃችሁ ነገ ጠዋት መሸኛሽን ትወስጃለሽ።»

ሁለቱን ጉርድ ፎቶግራፎቼን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሣሁ። መሸኛውን ሳልይዝ መናኸሪያ ደርሼ ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ!» የሚልበት መኪና ውስጥ ገባሁ።