ከጉርሻ በፊት ፉጨት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጅ ነበርኩ፤ ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነበር። ያስታወሰኝ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዚንድሊንገን በሚባል ሰፈር፣ በልጄ ቤት በር ላይ የተሰቀለው የውሻ ፊሽካ ነው። የልጄ ውሻ ጎረምሳ ነው፣ የአደን ዘር፤ ወፍ ካየ ገመዱንም እሷንም ጎትቶ ማይን ወንዝ ሊገባ ምንም አይቀረው። ታዲያ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ እዚያው እያደረ የሚማርበት ቦታ ሰደደችው። መጠየቅ እንኳ ያለ ቴርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለት ነው፣ አይቻልም። «ውሻም አዳሪ ተማሪ ሆነ?» ብዬ ሳቅኩና፣ ሳቄ ሳያልቅ ዳማ ትዝ አለኝ።

ዳማ አባቴ ለጅግራ አደን ያመጣው ቀይ ውሻ ነበር። ልጅነቱ አላስቀምጥ ብሎት የጎረቤት ዶሮ ሲያሳድድ ይውላል። አባቴ «አንድ ዶሮ ቢይዝ ከዚህ ቤት ይወጣል» አለ። አባቴ ደግሞ ያለውን አይመልስም። እኔ እህል አልበላ አለኝ። ይህን ያዩ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሽማግሌ አዳኝ «እኔ ዘንድ ይደር፤ ሰው አድርጌ እመልሰዋለሁ» ብለው ወሰዱት።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ነኝ። ግቢያቸው ባሩድና እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ዳማን ያስቀምጡትና ዶሮ በፊቱ ይለቃሉ፤ ትምህርቱ ሳይነሱ መቆየት ነው። እኔ ግን አንጀቴ አይችልም፤ ቂጣ ይዤ «በሞቴ!» እያልኩ አጎርሰዋለሁ። እሱም እኔን ባየ ቁጥር ብድግ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው፣ «እኔ ተማሪ አደርገዋለሁ፣ አንተ እንግዳ ታደርገዋለህ። በሞቴ የተባለ እንግዳ መቼ ታዞ ያውቃል?»

ያባርሩኛል ስል ከዳማ ጎን አስቀመጡኝ። «እሱስ ሊገባው ነው፤ የቀረኸው አንተ ነህ። ቂጣህን ጨብጥ። ሳፏጭ ብቻ ታጎርሳለህ።» መታገስን እንዲያ ተማርን፣ ሁለታችንም።

አባቴ ሊያይ የመጣ ዕለት እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ዶሮዋ ምን እንደነካት እንጃ፣ ሄዳ ከዳማ አፍንጫ ሥር መጫር ጀመረች። ዳማ ተንቀጠቀጠ። እኔም ቂጣዬን አጥብቄ ጨበጥኩ። አልተነሳም። ሽማግሌው ሲያፏጩ ዶሮዋን አልፎ መጣና ከእጄ ጎረሰ። አባቴ የዳማን ገመድ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

የልጄም ውሻ ይኸው ተመልሷል። በመጀመሪያው እራት ከሥጋው ቆርሼ ልዘረጋለት ስል፣ የልጅ ልጄ «ናይን፣ አይሆንም አባባ!» ብላ ጮኸች። እጄን ጨበጥኩ። ውሻው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ፊሽካውን ከበሩ አውርጄ ስነፋ መጥቶ ጎረሰ። ያኔ ማስተማሪያው ፉጨት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ፊሽካም ቴርሚንም አለው። የኔ እጅ ግን ያው ነው፣ ዛሬም ለማጉረስ ይቸኩላል።

ልጄ ገርሟት «አባባ፣ ይህን የት ተማሩት?» አለችኝ።

ከፊደል ብዙ አልገፋሁም፤ አስተማሪ ግን አላጣሁም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ።