የተሳቀበት አማርኛ

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር፣ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን ጓሮ፣ በበጋ እሑዶች የበቆሎ እሸት በከሰል ይጠበስ ነበር። ያኔ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም ተጠርተን «እስቲ አማርኛ ተናገሩ!» እንባላለን፤ ሊሰሙን ሳይሆን ሊስቁብን።

አንድ ምሽት ናሆም፣ ገና ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ «እኔ ዛሬ ስዊም አደረግኩ፤ ውሃው በጣም ብርድ ነበረች» አለ። እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ አንዱማ የልጁን ድምፅ እያስመሰለ ደጋገመው። ወንድሜ በቆሎውን ጥሎ ቤት ገባ።

በወጣትነታቸው ሮም የተማሩት የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ በቁጣ ተረት ጀመሩ። በድሮ ጊዜ ጣሊያን አገር የሚጻፈው በላቲን ብቻ ነበር አሉ። እናት ለልጇ፣ ገበሬው ለበሬው የሚናገረው ግን ከላቲኑ እየራቀ ሄዶ ነበርና፣ የተማሩት የመሃይም አፍ እያሉ ይንቁት ነበር። ታዲያ አንድ ገዳም በመሬት ተካሰሰ፤ ምስክሮቹ ዳኛ ፊት ቆመው በዚያው በተናቀው አነጋገር መሰከሩ። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ በላቲን ጽፎ የእነሱን ቃል እንደወረደ አሰፈረው። ዛሬ ጣሊያኖች የቋንቋችን የልደት ወረቀት ብለው የሚኮሩት በዚያ ጽሑፍ ነው።

«ዳኛው ቢስቅባቸው ኖሮ ማን ይመሰክር ነበር?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ኧረ ለጨዋታ ነው፣ ጋሼ! አይቆጡ» አለ ያ የልጁን ድምፅ ያስመሰለው እንግዳ።

ተረቱ የተነገረው ለናሆም ነበር፤ እሱ ግን አልሰማውም። ሮጬ ሄጄ ልነግረው ብል «አይ ዶንት ኬር!» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፉ አልወጣችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እነዚያው ሰዎች ዛሬ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ተሰብስበው «የዘንድሮ ልጆች ቋንቋቸውን ናቁ» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማን ነው የናቀው? እናቴ አርጅታ፣ አልጋ ላይ ውላ፣ የለመደችው እንግሊዝኛ እየጠፋባት ነው። ናሆም በየእሑዱ ይመጣል፣ ብርቱካን ይልጥላታል፣ እጇን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባለፈው ከወጣ በኋላ «ምነው ይሄ ልጅ አያዋራኝም? ምን በደልኩት?» አለችኝ።

መልሱን እያወቅኩ፣ እሱ የላጠላትን ብርቱካን አቀበልኳት። ዛሬ «ውሃው ብርድ ነበረች» ቢላት፣ ከአልጋዋ ተነስታ እልል ትል ነበር።