አጎቴ ለአውሮፕላኑ ዱዓ አላደርግም ያሉ ዕለት

የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውም ቶሎ ካልታከመ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ነገረን፤ ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ አላስተማምን ስላለኝ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ልወስዳት ቆረጥኩ።

በእኛ ቤት የታላቅ ዱዓ ሳይደረግለት ማንም መንገድ አይወጣም። የቤታችን ታላቅ ደግሞ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳሉ። ለዱዓው ደሴ ቤታችን ስንሰበሰብ፣ አጎቴ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ምርመራ ጀመሩ።

«የማን ሥሪት ነው?»

«የካናዳ ነው አሉ፤ ባለ ፕሮፔለር።»

«ካናዳ ደግሞ ምን መኪና ሠርታ ታውቃለች? ነጂውስ?»

«የአገር ልጅ።»

«ወላሂ፣ የጀርመን ቢሆን ምንም አልልም። የዐረቦቹም ደህና ነው። ማራገቢያ ለገጠሙበት፣ ያውም የእኛ ሰው ለሚነዳው፣ ዱዓ አላደርግም! በእኔ መኪና አደርሳታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ፒያሳ ካፌ የተቀመጠ ሁሉ አውሮፕላንን እንደ መኪና በተሠራበት አገር ሲመዝን ስሰማ ነው የኖርኩት። የራሳችን ሲሆን ደግሞ ሳያዩት ይፈርዱበታል። ይሄ ንቀት ያንገበግበኛል።

«አውሮፕላኑ ሳይፈተሽ አይነሳም» አልኳቸው። «እርስዎ መኪናዎን መቼ አስፈተሹ?»

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወሪው!»

አኩርፈው እጃቸውን አጣጠፉ። እናቴ ያለ ዱዓ ንቅንቅ እንደማትል ስለማውቅ ፈራሁ። የቀረው ዓይኗ በአንድ ሽማግሌ እልህ ሊጠፋ ነው።

«ተያቸው» አለችኝ እናቴ። ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። በቤታችን ወንድ ታላቅ ተቀምጦ ሴት ዱዓ ስትመራ አይቼ አላውቅም።

«ያ አላህ፣ ሠሪውንም ነጂውንም አንተ ጠብቅ። ዓይኔን አትርፍልኝ።»

«አሚን!» አልኩ፣ አጎቴ ደህና አድርገው እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። እሳቸው እጃቸውን እንዳጣጠፉ ቀሩ።

ታክማ፣ ዓይኗ በርቶ ስንመለስ አጎቴ ኮምቦልቻ በሚኒባሳቸው ጠበቁን። አቅፈው ሳሟት፤ እንባቸውም መጣ።

«አልሐምዱሊላህ! በሉ ግቡ፣ ደሴ እንውጣ።»

እናቴ አልገባችም። ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ጎማ አየች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ጎማ አልቆ ክሩ ወጥቷል እኮ። አዲስ አበባ ሊያደርሱኝ የነበረው በዚህ ነው?»

አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ሻንጣዋን መሬት ላይ አጋድማ ተቀመጠችበት።

«እስኪቀየር እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች። «አሁን አያለሁ።»