የዋሴን ሚዛን ያሸግሁ ዕለት

«ታስረው ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም።

ፍኖተ ሰላም በሚዛን ተቆጣጣሪነት በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ቀን ግን ያለ ችግር መልሼዋለሁ። በሠራተኛ ቅጹ ላይ አሳምሬ «ታስሬ አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረስሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለሆነ፣ ያኔ ቅጽ መሙላት እንደ በዓል ይታየኝ ነበር።

አለቃዬ አቶ ጌትነት አንድ የእንጨት ሳጥን አስረከቡኝ። ውስጡ የመፈተሻ ድንጋዮች አሉ፤ ድንጋይ እንላቸዋለን እንጂ ብረትና ነሐስ ናቸው። «ሳይመዘገብ የትም እንዳይገባ፣ ሳይፈረም ከማንም እጅ እንዳይወጣ» አሉኝ። ቃል በቃል ያዝሁት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ልፈትሽ ተላክሁ። ስሟን እተወዋለሁ። ገበያዋ ቅዳሜ ነው። ዐርብ ከሰዓት የመኪናችን ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ሾፌሩ መኪናውን ሊጠብቅ ቀረ፤ እኔና ሳጥኑ በባጃጅ ገባን።

ከተማዋ ሦስት አልጋ ቤት አላት። ሦስቱንም ለሥልጠና የመጡ የቀበሌ አመራሮች ይዘዋቸዋል። የሥልጠናው ርእስ የእንግዳ አቀባበል ነው አሉ።

«በረንዳም ቢሆን?» አልኋት አንዷን ባለቤት።

«በረንዳውም ሠልጣኝ አለበት፣ እህቴ።»

ሳጥኑን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ተረኛው ሳጅን ደግ ሰው ነበሩ። «የሴቶች ክፍል አንዲት ታሳሪ ብቻ ናት ያለችው። ንጹሕ ፍራሽ አለ፤ ከሳጥንዎ ጋር እዚያው ይደሩ» አሉኝ።

«ሳጅን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ።»

«የእንግዳ መዝገብ የለንም። ይተዉት።»

«ያለ መዝገብ አላድርም።»

በረጅሙ ተነፈሱና ያላቸውን አንድ መዝገብ ገፉልኝ። ሽፋኑን ሳላይ ሞላሁት። የተያዘ ንብረት፦ አንድ ሳጥን። የተያዘችበት ምክንያት፦ ማደሪያ በማጣት። ፈረምሁ። እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጠዋት ሳጅኑ ተረኛነታቸውን አስረክበው ገጠር ለቅሶ ሄደዋል። አዲሱ ኮንስታብል ሴቶቹን ቢቆጥር ሁለት፣ የታሳሪዎችን መዝገብ ቢያይ ሁለት። «የተለቀቀችበት» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብዬ መታወቂያዬን አሳየሁት።

አገላብጦ አየው። «መታወቂያው እውነት ነው። ፊርማዎም እውነት ነው። ወይ አዛዡ ይፈርሙ፣ ወይ የከተማው ነዋሪ ዋስ ያምጡ።»

«አዛዡ የት ናቸው?»

«ሥልጠና።»

ጠላ ሻጯ ውዴ፣ በጎረቤቷ ራስ ላይ እንስራ ሰብረሻል ተብላ የታሰረችው፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አልፈርምም ብዬ ስሟገት፣ አንቺ ለምነሽ ፈርመሽ ትገቢ!»

ውጭ ገበያው እየሞላ ነው። ገበሬው በቆሎውን ባልተፈተሸ ባስኩላ ሊያስመዝን ነው። እኔ ደግሞ ከነድንጋዮቼ ተቆልፎብኛል።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ለውዴ ዳቦ ይዘው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ አየት አደረጉኝና «ልጄ፣ ሌባ ብትሆኚ እንዲህ አትፈርሚም» ብለው ዋስ ሆኑኝ። ስማቸውን ያየሁት ሲፈርሙ ነው፦ ሐጂ እንድሪስ፣ የእህል ነጋዴ። በዕለቱ የፍተሻ ዝርዝሬ ላይ የመጀመሪያው ስም።

ለአቶ ጌትነት ደውዬ «ከባለሚዛኑ ውለታ ተቀብያለሁ» ማለት ነበረብኝ። ከደወልሁ ሌላ ሰው ይተካል፤ ሰውየው እስኪደርስ ገበያው ይበተናል። አልደወልሁም።

የሐጂን ባስኩላ በውሃ ልክ አስተካክዬ ድንጋዮቼን ጫንሁ። ሃያው ኪሎ ሃያ ተኩል አለ። ሦስት ጊዜ ደገምሁ፤ ሦስቱንም ሃያ ተኩል። ባስኩላው ለገበሬው እየጨመረ ሐጂን ሲያከስር ነው የኖረው። ዝም ብል የሚከሰኝ አልነበረም። ቀዩን ማኅተም ለጠፍሁበት።

«የዋስሽን ሚዛን? በገበያ ቀን?»

«ሲዘርፍዎት ነው የኖረው፣ ሐጂ።»

«ወይ ጉድ! እኔ አንቺን አስፈታሁ፣ አንቺ እሱን አሰርሽው። ለእሱስ ዋስ ማን ይሁነው?»

ያን ቀን ሳይገዙ ዋሉ። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ የሌሎቹን ሚዛን እየዞርሁ ስፈትሽ ሲያዩኝ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ያችን ጥያቄ ባዶ ተውሁ። የከፍተኛ ባለሙያነት ዕድገት ስጠይቅ አቶ ጌትነት ጠሩኝ። «ነጠላ ሰረዝ የማትስቺ ሴት፣ ይህችን ሁልጊዜ የምታልፊያት ለምንድን ነው?»

ነገርኋቸው። አዳሩን፣ ዋሱን፣ ያልደወልሁትን።

አልሳቁም። «ማኅተሙን የለጠፍሽው ዋስ ከሆኑሽ በኋላ ነው?»

«በኋላ ነው።»

እስክሪብቶ አንስተው በባዶው ቦታ ላይ «አዎ፤ በራሷ ጥያቄ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ስላልደወልሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ዕድገቱም አንድ ዓመት ዘገየ። መልሳቸው ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ደብዳቤውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምሁት። ከመፈረም በፊት የመዝገቡ ሽፋን ይነበባል።