ደም ግፊቴና የጓሮዬ ድልህ

መጀመሪያ የከዳኝ አውራ ጣቴ ነው። ዘመኑ የሰማንያዎቹ ማብቂያ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ገደማ ነበር። ገርጂ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ የቀላ ቃሪያ እለቅም ነበር። አንዱን ፍሬ ያዝኩና ሳብኩት፤ አልመጣም። እንደገና ያዝኩት። ጣቶቼ ፍሬው ላይ አሉ፤ በዓይኔ አያቸዋለሁ፤ መንካታቸው ግን አይሰማኝም። ቀጥሎ በቀኝ ክንዴ ያንጠለጠልኩት ዘንቢል ወረደ። ቃሪያው ተበተነ። ልለቅመው ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እግሬ እምቢ አለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ ነበር። የወሎ ሰው ናት፤ ባለቤቷ ሐጂ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። ስሟን ጠራሁ። ከአፌ የወጣው ግን ስሟ አልነበረም።

«እትዬ አስኩ፣ ምን ጎርሰው ነው?» አለች እየሳቀች።

ደግሜ ጠራኋት። ሳቋ ቆመ።

የስድስት ልጆች እናት አጥር ስትዘል ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለቤቷ በሱቁ የዕቃ መኪና ሆስፒታል አደረሱኝ። አፌ ወደ ግራ መዞሩን ያየሁት በመኪናው መስታወት ነው።

«ደም ግፊትዎ ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ ነው» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። «ከዚህ በፊት ተለክተው ያውቃሉ?»

አላውቅም። ራሴን ሲያመኝ በሻሽ ጠበቅ አድርጌ አስሬ ሥራዬን እሠራ ነበር። ከጡረታ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ራስ ምታትን የሥራው አካል አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ያኔ ሲቲ ስካን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሐኪሙ እጄንና እግሬን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ ዓይኔ ውስጥ ብርሃን አብርቶ፣ ስትሮክ መሆኑን ነገረኝ። ወደ አንጎሌ የሚሄደው ደም አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል ማለት ነው።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ንግግሬ ተመለሰ። በስድስተኛው ሰው ደግፎኝ ሄድኩ። እጄ ግን አልተመለሰም። ማንኪያ ሲሰጡኝ ይወድቃል። ልጄ ሰናይት ታጎርሰኝ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሳምንት የምጽፈው የለኝም።

ስወጣ ሐኪሙ ሦስት ነገር አዘዘኝ። «መድኃኒቱን አንድ ቀንም አያቋርጡ። እጅዎን አያሳርፉት። ጨው ደግሞ ፈጽሞ ይቅር። ሁለተኛው ስትሮክ ከመጣ እንደ መጀመሪያው አይምርም።»

እኔ ትእዛዝ የማከብር ሰው ነኝ። ቤት እንደገባሁ የጨዉን ጣሳ ከማድ ቤት አስወጥቼ ለዘሃራ ላክሁላት። ሰናይት አልጋዋን ይዛ ወደ እኔ ቤት ተመለሰች፤ ከባንክ ሥራዋ ስትወጣ ወጡን ያለ ጨው ትሠራልኝ ጀመር።

ቃሪያ ግን ሰው ታመመ ብሎ አይጠብቅም። ጓሮው ሙሉ ቀልቶ ነበር። አንድ ሳምንት ቢቆይ ይጨማደዳል፤ ሁለት ቢቆይ ይረግፋል። አንድ ቅዳሜ ዘሃራና ሰናይት ለቀሙት። በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥቼ፣ ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አዛዥ ሆንኩ። ቃሪያው ታጥቦ፣ ውኃው ጠፍፎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር በሥጋ መፍጫ ተፈጨ። ከዓመት ዓመት የማይጠፋው የቤቴ ድልህ ይኸው ነው። ዘሃራ የላክሁላትን የጨው ጣሳ ይዛ መጣች።

«ጨምሪ» አልኳት።

«እማዬ፣ ጨው ተከልክለሽ የለም እንዴ?» አለች ሰናይት።

«ይኼ ለድልሁ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም» አልኳት።

ሰናይት እሺ አለች። ዘሃራም እሺ አለች። ሦስት አዋቂ ሴቶች ነበርን። ለእኛ ጨው ማለት ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ነው። ድልህ ውስጥ የገባው እንዳይበላሽ የተደረገ ነገር ነው፤ ከገባ በኋላ ስሙም ድልህ ነው። አሥራ አራት ጠርሙስ ሞላን፤ አፋቸው ላይ ዘይት አፍስሰን ከደንን። በመደርደሪያው ላይ ከካሮትና ከቃሪያ አቻሩ አጠገብ ተሰለፉ። ያ ቀን ከታመምኩ ጀምሮ መጀመሪያ ደስ ያለኝ ቀን ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ለመለካት እሄድ ነበር። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። ሐኪሙ መጀመሪያ ባዘዘልኝ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ላይ ኒፈዲፒን የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመረልኝ። በሁለት ሳምንቱ እንደገና መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። መጠኑን ከፍ አደረገው። ብድግ ስል ያዞረኝ ጀመር።

«መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» አለኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የጨረስኳቸውን የኪኒን ማሸጊያዎች በቦርሳዬ ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ አያቸው። አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ።

«ጨውስ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የለም።»

የኩላሊት ምርመራ አዘዘልኝ። ሽንቴም፣ ክሬቲኒን የሚሉት የደም ምርመራም ደህና ሆነ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ምክንያቱን ባገኘው ኖሮ አልፈራም ነበር» አለ። ሐኪም ፈራሁ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቤት ስመለስ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ለሰናይት አሳየኋት። የቀብር ልብሴንም አሳየኋት። አየችና ሳጥኑን ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን የገና በዓል ቀረበ። ለሦስት ወር የደከመልኝን ሰው ለበዓል ባዶ እጄን ላየው አልፈለግሁም። ከአሥራ አራቱ ጠርሙሶች አንዱን፣ ደማቁን፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። ከምርመራ በኋላ ሰጠሁት። ደስ አለው። ክዳኑን ከፈተና አሸተተ። በመሳቢያው ውስጥ ከምሳው የተረፈ ዳቦ ነበረው፤ ቆረስ አድርጎ አጠቀሰ። አላመጠ። ማላመጡን አቆመ።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«የራሴ ነው። ከጓሮዬ።»

«ጨው ስንት ገባበት?»

«ለኪሎው አንድ እፍኝ። እንዳይበላሽ።»

«እርስዎም ይበሉታል?»

«ቁርስ ላይ በዳቦ ትንሽ። አሁን የነቢያት ጾም ስለሆነ ምሳ ላይ በድንች። ራት ላይ ግን ወጡ ጨው ስለሌለው ጨመር አደርጋለሁ።»

«ከመታመምዎ በፊትስ እንዲህ ይበሉት ነበር?»

«ያኔ ወጡ ጨው ስለነበረው እምብዛም አልነካውም ነበር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ጨው አቁሜያለሁ ብለውኝ የለም?»

«አቁሜያለሁ። ይኼ እኮ ድልህ ነው።»

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። በር አጠገብ የቆመችው ነርስ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙ ለመኮሳተር ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሦስት ወር በፊት የዞረው አፌ ያን ቀን ሲስቅ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ነርሷ ነች የነገረችኝ።

«ይኼን ጠርሙስ እኔ ወስጄዋለሁ፤ ለእርስዎ ጤና ስል» አለ ሐኪሙ፤ ክዳኑንም ገጥሞ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ቤት ስደርስ መደርደሪያውን አስጠረግሁት። ድልሁም፣ በጨውና በኮምጣጤ የተቀመጠው የካሮት አቻርም ወጣ። ዘሃራ ትልቁን ሳፋ ይዛ መጣች።

«እትዬ አስኩ፣ እርስዎን በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር ቢከለክሉዎት እኛ ገበያ መውጣት እንተው ነበር» አለችኝ።

«በነጻ አይደለም» አልኳት። «ነገ ሐጂን ይዘሽልኝ ሂጂና ግፊታቸውን ያስለኩ።»

«እሳቸው እንኳ ግፊታቸው እኔ ነኝ፤ በየቀኑ ነው የሚለኩኝ።»

ቢሆንም ወሰደቻቸው። ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሳፋውን ሞልታ ሄደች።

ባዶውን መደርደሪያ ትንሽ ቆሜ አየሁት። ተማሪ ቤት ሳለሁ የባልትና መምህራችን ምግብ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው በጨው፣ በስኳር፣ በኮምጣጤ ወይም በፀሐይ ነው ብላ አስተምራን ነበር። ፀሐይ አልተከለከለብኝም። ኅዳር ላይ ሰናይት ያዛወረችልኝ የቲማቲም ችግኝ በየካቲት መድረሱ አይቀርም፤ እስከዚያ ድረስ እጄን ማሠልጠን ነበረብኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የጎማ ኳስ ሰጥታኝ በቀን ሦስት ጊዜ ጭመቂ ብላኝ ነበር። ኳስ መጭመቅ ግን የትም አያደርስም፤ መቶ ጊዜ ጨምቀሽው ያው ኳስ ነው። እሸት አተር አስገዛሁና በረንዳ ላይ ተቀምጬ በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መፈልፈል ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለፈልኩት ለአንድ ሰው ወጥ አይበቃም ነበር፤ በጥር ማብቂያ ላይ ግን ሰናይት ከሥራ እስክትመለስ ሁለት ኪሎ ጨርሼ እጠብቃት ጀመር። ከዚያ ወደ አረም፣ ከአረም ወደ መኮትኮት፣ ከመኮትኮት የቲማቲሙን ግንድ ከእንጨቱ ጋር በክር ወደ ማሰር አለፍኩ። ክር መቋጠር የሁሉም ጣት ሥራ ነው። በግራ እጄ እንዳላግዝ ግራውን ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር።

ቲማቲሙ ሲደርስ የመጀመሪያውን ዙር አበላሸሁት። ወፍራም አድርጌ ቆርጬ አሰጣሁት፤ በማግሥቱ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ፤ ባነሳው ጊዜ ሻግቶ ነበር። ሁሉንም ደፋሁት። ለሁለተኛው ዙር አልቸኮልኩም፤ ሰማዩ እስኪጠራ ጠበቅሁ። ቀጭን ቀጭን አድርጌ በቀኝ እጄ ቆረጥኩ፣ ፍሬውን አወጣሁ፣ በወንፊት ሽቦ ላይ ደረደርኩ፣ ለዝንቡ ነጠላ አለበስኩት። ፀሐይ እንደ ልብ የሚያገኘው የዘሃራ ሰርቪስ ቤት ጣሪያ ስለሆነ ልጆቿ አወጡልኝ። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በቤታችን አናት ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት።

«ከላይ ያሉት ሰዎች ቆርቆሯችን ምን ነካው ይላሉ» አለች ዘሃራ ሽቅብ እያየች።

«ቀለም ቀባን በያቸው።»

በአምስተኛው ቀን ደርቆ፣ እንደ ቆዳ ሆኖ ወረደ። ዘሃራ አንዱን አኘከችና «የቲማቲም ቋንጣ» ብላ ስም አወጣችለት፤ እስከ ዛሬ ሰፈሩ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ቃሪያውንም እንዲሁ አደረቅነው። ነጭ ሽንኩርቱን ጎንጉነን ሰቀልነው። ከቲማቲሙ የተረፈውን አፍልቼ፣ እስኪወፍር አንተክትኬ፣ ሎሚ ጨምሬበት፣ በተቀቀለ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። የደረቀ ቲማቲም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲገባበት ወጡ የጨዉን ቦታ ሰው የሞላው ይመስላል። ሙሉ በሙሉ አይሞላውም። ይለመዳል።

በመጋቢት መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት ተለካሁ። በሚያዝያ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስምንት። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ለካኝ። ቀጥሎ ግራ ክንዴን ለካው። ከዚያ ካርዴ ላይ ጻፈና የኒፈዲፒኑን መጠን ቀነሰልኝ። «ቲማቲሙን ይቀጥሉ» አለኝ። ሰናይት ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ሰፈራችን ሳንደርስ ከታክሲው ወረድንና የቀረውን መንገድ በእግራችን ተጓዝን፤ ደግፊኝ አላልኳትም።

አጥር ለዘለለችው ዘሃራ፣ ሥራ ላይ ውላ ሦስት ዓይነት ወጥ ለሠራችልኝ ልጄ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ አውቃለሁ ላላለኝ ሐኪም ምስጋናዬ የማያልቅ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህን የምታነቡ፣ እናንተም ግፊት ያለባችሁ ወይም ግፊት ያለበት ሰው የምታስታምሙ፣ ከዚህ የምትወስዱት ጥቂት ነው። ራስ ምታታችሁን በሻሽ አትሰሩት፤ ተለኩ። አንድ እጅ ድንገት ከሰነፈ ወይም አፍ ከተጣመመ ለነገ አትበሉ። መድኃኒቱን ስለተሻላችሁ አታቁሙት፤ የተሻላችሁ እሱን ስለወሰዳችሁ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የተዋችሁትን ብቻ አትንገሩት፤ የምትበሉትን ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ሂዱ። ምግብ አድርቃችሁ ስታስቀምጡ አንዲት እርጥበት ከቀረችበት ይሻግታልና አትቸኩሉ።

ድልህ ዛሬም በየዓመቱ እሠራለሁ፤ ለሌላው ነው፤ እኔ አልቀምሰውም። ቀማሿ ዘሃራ ናት። በየዓመቱ ጣቷን ትልስና «እትዬ አስኩ፣ ጨው አንሶታል» ትለኛለች። አልሰማትም።